«ሁሉም ጆንያ ነው»

እናቴ ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቼን በጣቷ እየገፋች ታያለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል። ጆንያ። እንጨት የተሸከመች ሴት ከኋላዋ። ጭድ የተጫነ አህያ። ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ እሱም ከኋላው። እንደገና ጆንያ። አርባኛው አካባቢ ስትደርስ ስልኩን መለሰችልኝና «ደሴ ውስጥ ፊት ያለው ሰው ጠፋ እንዴ ልጄ? ሁሉም ጆንያ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቡናው እንዳይገነፍል ተነስታ ሄደች።

አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው። ሰባት ዓመት ገደማ በትርፍ ጊዜዬ ፎቶ ሳነሳ ቆይቻለሁ። የዘመድ ሰርግና ልደቱን ትተን የቀረውን ብንቆጥር፣ ከግማሽ በላዩ የታሰረ፣ የተጠቀለለ፣ የተቋጠረ ወይም የተጀቦነ ነገር ነው።

ካሜራውን የገዛሁት የሰርግ ፎቶ ሥራ አንገሽግሾት ሱቅ ከከፈተ ጓደኛዬ ነው፤ ያገለገለ ኒከን ዲ3100፣ ከነ18–55 ሌንሱ። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። ሐሳቤ ትልቅ ነበር፤ የወሎን ቁንጅና ፊት በፊት ላሳይ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ላይ ሌንሱን ስደግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምታነሳኝ?» አሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። «ይቅርታ እማማ» ብዬ ዞር ልል ስል ሳቁና «ኸፈለግህስ በርበሬውን አንሳው፤ እሱ አያፍርም» አሉኝ። በርበሬው በነጭ አቡጀዲ ተቋጥሮ፣ አራቱ የጨርቁ ጫፎች እንደ ጆሮ ቆመዋል። አነሳሁት። ከዚያን ቀን ፎቶዎች ዛሬ ድረስ የማላፍርበት እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገሩ የተጀመረው በዓይን አፋርነት ነው። ጆንያ አይቆጣም፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ «ልከህልኝ» ብሎ ቁጥሩን አይሰጥም። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያነሳሁት ሁሉ ግን ድንጋይ ነው የሚመስለው። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ጆንያው ፊት ለፊት ቆሜ፣ መሀል ላይ አስቀምጬ ቀጭ። ጠፍጣፋ። ብርሃን ከጎን ካልመጣ የጨርቅ እጥፋት አይታይም፤ የገመዱ ጉብታና ገመዱ የነከሰው ቦታ ላይ ያለው ጥላም አይኖርም። ያን ከተረዳሁ በኋላ ገበያ የምወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ብቻ ሆነ። ቀትር ላይ ያው ጆንያ፣ ያው ባለቤት፣ ያው ቦታ፤ ፎቶ ግን የለም።

ሁለተኛው ነገር ዓይኔ የት ይረፍ የሚለው ነው። ሰው ስታነሳ ዓይኑ ላይ ፎከስ ታደርጋለህ፤ ማንም ያውቀዋል። ጥቅል ነገር ዓይኑ ቋጠሮው ነው። በኋላ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አገኘሁ፤ አፐርቸሩን፣ ማለት ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከ 2.8 ከፍቼ ቋጠሮውን ስል አደርገዋለሁ፣ የቀረው ይደበዝዛል። እንዲህ ማየት ስጀምር ነው ቋጠሮ ብዙ ነገር እንደሚናገር ያስተዋልኩት። ከጓሮ የመጣ ጎመን በሳር ታስሮ ይመጣል። ከኩታበር በኩል በአህያ የመጣ ገብስ አፉ በሲባጎ ተሰፍቷል፣ መጫኛው ሁለት ጊዜ ዞሮበታል፤ ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ጭነቱ ዳገት ላይ ያጋድላልና የጫነው ሰው ስንት ዳገት እንዳለ አስቦ ነው ያሰረው።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ነገር አይሰስትም። ቋጠሮ ትንሽ ናት፤ መቀነት ጫፍ ላይ ያለች ብር፣ ለመንገድ የተያዘች ቆሎ። እስር ይቆጠራል፤ አንድ እስር ጌሾ፣ ሁለት እስር ቆስጣ። ሸክም የሚለካው በተሸካሚው ነው፤ አንድ ሸክም እንጨት ማለት አንድ ጀርባ የቻለው ያህል ማለት ነው እንጂ ኪሎ የለውም። ነዶ ማሳ ላይ ይቀራል። ጓዝ የተባለ እንደሆነ ግን ቤት ተነቅሏል። ድርጊቱም እንዲሁ ነው፤ መጠቅለል ሌላ፣ መሸከፍ ሌላ፣ መጠርነፍ ሌላ። ፎቶ ከማንሳቴ በፊት ይሄ የትኛው ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ካወቅሁ ከየት በኩል እንደማነሳው አውቃለሁ። ሸክም ከጀርባው፣ ቋጠሮ ከላይ፣ ጓዝ ደግሞ ከነቤቱ በር።

የተጠረነፈ ነገር ምን እንደሚመስል ያስተማረኝ መናኸሪያ ያለ አንድ ጫኝ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ሲሠራ እያየሁት አንድ ሙሉ ጠዋት አለፈ። ፍራሽ ሲሰጡት መጀመሪያ ይጠቀልለዋል፤ ቀጥሎ ጉልበቱን ጭኖበት ዝም ይላል። ዝም ያለው ደክሞት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውስጡ ያለው አየር እስኪወጣ ነው። ፍራሹ እፍፍ ብሎ ሲቀንስ ገመዱን አንዴ አዙሮ፣ ጫማውን ፍራሹ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ በሰውነቱ ክብደት ነው የሚስበው፣ ክንዱን ያን ያህል አይጠቀምም። የመጨረሻዋን ቋጠሮ በጥርሱ ያጠብቃታል። ከዚያ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ ያደርጋታል፣ ከብት እንደሚያባብል።

ይህን በ1/500 ሰከንድ ሳነሳው ሁሉም ነገር ቆመ፤ ሰውየው ሐውልት መሰለ። በ1/60 ግን ፍራሹ እንደረጋ ገመዱና እጁ ብቻ ውልብ አሉ፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ውልብታ ውስጥ ነው። በሳምንቱ አሳትሜ ወሰድኩለት። ራሱን ያይ መስሎኝ ፊቱን ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ገመዱን መረመረና «ይቺ ላልታለች» አለኝ። ቡና ጋበዘኝ፤ ልከፍል ስል ተቆጣ።

ጥቅል ነገር የሚያነሳ እብድ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ማን ሬይ የሚባለው አሜሪካዊ አርቲስት በ1920 እ.ኤ.አ. አንድ የልብስ ስፌት መኪና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ ፎቶ አንስቶታል። ውስጡ ምን እንዳለ ካልተነገረህ ከፎቶው መገመት አትችልም፤ የሚያስጨንቅ ነገር አለው፤ የሞላ አውቶብስ ላይ ማንም «የኔ ነው» የማይለው ዕቃ ይመስላል። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የሚባሉት ባልና ሚስት አርቲስቶች ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. በርሊን የሚገኘውን የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ እንዳለ ጠቀለሉት፤ 100,000 ካሬ ሜትር ጨርቅና ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ገመድ ነው የፈጀው። ሁለት ሳምንት ብቻ ቆየ። እኔን የገረመኝ ግን ጨርቁ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን። ማዳበሪያ የምንለው ነጩ ከረጢት የሚሸመነው ከዚሁ ነገር ነው። እነሱ ላዩን የብር ቀለም አልብሰውት ሚሊዮኖች ተሰልፈው አዩት፤ እኛ ሽንኩርት እንይዝበታለን፣ ሲያረጅ ለፍየል ቤት ጣራ ይሆናል።

ወደ ሰው ልመለስ፤ እናቴም የፈለገችው እሱን ነው።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ደብተር እይዛለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሀላቸው ሐረጎ አለ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ጥምዝምዝ። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል ብላችሁ ብታሰሉት ልዩነቱ አራት ዲግሪ ነው፤ ቆዳዬን ብትጠይቁት ግን አሥር ነው የሚላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ውስጥ የምትገባው ሰው አይታይህም፤ ጋቢ፣ ፎጣ፣ ሻሽ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ነው የተቀመጠው። ረዳቱ ሒሳብ ሲል ከየጥቅሉ እጅ ብቻ ብቅ ይላል። ሐረጎን ስንጀምር ማንም አይናገርም። አጋማሽ ላይ አንዷ ሻሿን ከአገጯ በታች ታወርዳለች። ቀጥሎ አንድ ዚፕ ይሰማል። ጋቢ ከራስ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጭን ይወርዳል። ሰው ሲገለጥ ወሬም ይጀምራል፤ የልብስና የወሬ ነገር እንዲህ የተያያዘ መሆኑን ሌላ ቦታ አላየሁም። ኮምቦልቻ ቦርከና ድልድይ አካባቢ ስንደርስ ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ነጋዴ ሆኗል። ማታ ያው ጉዞ ወደ ኋላ ነው፤ እየለበሱ መውጣት፣ ዝም እያሉ መግባት።

ይህን በሦስት ፎቶ ልናገር ብዬ ተነሳሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፤ ደሴ ላይ፣ ሐረጎ ወገብ ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ። ዘወትር አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጡረተኛ ጋሼ አሉ፤ ነገሬን አስረድቼ ፈቃድ ጠየቅኋቸው፣ «በደስታ» አሉኝ። ደሴ ላይ አነሳኋቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፣ ድንቅ። ሐረጎ ወገብ ላይ ዞር ስል እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኮምቦልቻም እንደተጀቦኑ ደረሱ። ሦስት አንድ ዓይነት ፎቶ አለኝ፤ የሚለያየው በመስኮቱ የሚታየው ብቻ ነው። በነገራችን ላይ በኋላ ሳየው ከአሰብኩት ይሻላል።

ጋቢ ማንሳት ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ብዙ ፎቶ አስከፍሎኛል። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ነጭ ጋቢ ሲያይ «በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ቤት ገብተህ ስታየው ጋቢው በአመድ የታጠበ ይመስላል። የክረምት ጉምም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ካሜራውን አለማመን ነው፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት ፎቶው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በካሜራው መለኪያ አንድ ወይም አንድ ተኩል ከፍ ማድረግ። በስልክ ከሆነ ጋቢው ላይ ነካ አድርጋችሁ የምትመጣዋን ፀሐይ ወደ ላይ መግፋት ነው። የቀትር ፀሐይ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ እጥፋቱ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ከሆነ አይመለስም።

ግን ቴክኒኩን ብቻ ያወቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከራሴ ነው ያየሁት። አንድ የነሐሴ ጠዋት ሆጤ አካባቢ ጉሙ መሬት ነክቶ ነበር። አንዲት ሴት ነጠላ ለብሳ ብቻዋን ከጉሙ ወጣች፤ ፊቷ አይታይም፣ እግሯ አይታይም፣ ነጭ በነጭ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ኤክስፖዠሩ ልክ፣ ፎከሱ ልክ። ማታ ፌስቡክ ላይ «እንዴት ያለ የደሴ ማለዳ!» ብዬ ለጠፍኩት፤ ወዳጅ ዘመድ አወደሰው። በማግሥቱ ሥራ ቦታ አንዲት ታላቄ ስልኬን ተቀብላ ዝም ብላ አየችውና «ጥለቱን አላየኸውም?» አለችኝ። ጥለቱ አንገቷ ጋ ነው። ነጠላውን ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ከለቅሶ ነው የምትመጣው፣ ወይም ወደ ለቅሶ ነው የምትሄደው፤ እኔ ደግሞ በአደባባይ እንዴት ያለ ማለዳ እላለሁ። የአገሬ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ስትሞት እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አርባ ቀን አይቻታለሁ። ሌንሱ ዓይኔ ላይ ሲሆን ግን ያየሁት ነጭ ቀለም ብቻ ነበር።

አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ከማየቴ በፊት አለባበሱን ማንበብ ግዴታዬ አደረግሁ። መስቀለኛ ያጣፋች ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነች፤ ያደገደገ ሰው ሰው ያስተናግዳል ወይም ታላቅ ፊት ቆሟል፤ ዓርብ ከሸዋ በር መስጊድ ሲወጡ በአንድ ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ፎጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሰውየው ዛሬ ዘና ብሏል። ፊት ሳይታይ ይህ ሁሉ ይነበባል። እናቴ ፊት የለውም ያለችው ፎቶ ላይ ስንት ነገር ተጽፎ እንደኖረ ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔው ራሴ ማንበብ አልቻልኩም እንጂ።

ሌላም አለ፤ ይህን መጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። ወሎን ዓለም ያወቃት በተጠቀለለ ሰው ነው። በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን የረሃብ ምስል ሲያሳይ፣ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፣ የታየው የንጋት ብርድ፣ ጨርቅ የተከናነበ ሰው፣ አጠገቡ ደግሞ ተገንዞ የተጋደመ አስከሬን ነበር። ጭጋግ፣ ንጋት፣ ጨርቅ። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ብርሃን ያው ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ ሰው አንስቼ ስለጥፍ፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው የሚያለቅስ ፊት ልኮ «ያሳዝናል፣ መቼ ነው የሚያልፍልን» ብሎ ጻፈ። ሰውየው እኮ ሐይቅ ከተማ ለሰርግ ሊሄድ መኪና እየጠበቀ ነበር! ከጋቢው ሥር አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጓል፤ እኔ ግን ፎቶው «ጥንታዊ» እንዲመስል ብዬ እግሩን ቆርጬዋለሁ። አሁን ጫማ አልቆርጥም። ጆሮው ላይ ያለውን ስልክም አልጠብቅም እስኪያወርደው፤ ከነስልኩ አነሳዋለሁ። ፎቶው ውበቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ይቀንስ።

ያላነሳሁትም አለ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱን ሸሽተው ከሰሜን በኩል የመጡ ሰዎች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። መማሪያ ክፍሎቹ ደጃፍ ላይ ከሁሉም ዓይነት የታሰረ ነገር ነበር፤ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሽቦ የታሰረ፣ ድስት በሻሽ የተቋጠረ፣ በአንሶላ የተሸከፈ የልጅ ልብስ። እኔ የማውቀውን ሁሉ ዓይነት ቋጠሮ እዚያ አየሁ፤ የችኮላ ቋጠሮ የሚባል ደግሞ ጨመርኩ፤ ጫፉ የትም ይንጠለጠላል፣ ሁለቴ አይዞርም። ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንጀራና ውኃ አድርሰን ተመለስን።

በጥቅምት ተራው የእኛ ሆነ። እናቴ ለሊቱን ሙሉ ስትሸክፍ አደረች። የቤቱን ካርታ፣ ሽሮና በርበሬ፣ የፎቶ አልበሙን፣ ሌላም ሌላም። አባቴ የሚለብሰው የነበረውን አሮጌ ጋቢ መሬት ላይ ዘርግታ፣ መሀሉ ላይ አንድ ነገር አስቀምጣ፣ አራቱን ጫፍ ሁለት በሁለት አድርጋ ቋጠረችው። እኔ ባትሪ አበራላት ነበር። ከዚያ ወረድን፤ ሐረጎን በእግር፣ ከኮምቦልቻ በኋላ በአይሱዙ ላይ፣ ከሌላው ሰው ጓዝ መሀል። እሷ ያችን ቋጠሮ ከጉያዋ አላወጣቻትም።

በታኅሣሥ ስንመለስ ሁሉም ተፈታ፤ ሽሮው ዕቃው ውስጥ፣ ካርታው ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ያቺ የጋቢ ቋጠሮ ግን ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት። ምንድን ነው ያለባት ብዬ አንዴ ጠይቄያታለሁ፤ «ይቀመጥ» ብላ ሌላ ወሬ አነሳች።

ያን ቀን «ሁሉም ጆንያ ነው» ብላ ቡናውን አፍልታ ስትመለስ፣ ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳ ነው ድንገት የጠየቅኋት። «እማ፣ ያቺን ላንሳት?» ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየች። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። «አውርዳት» አለች። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት፤ ከአሰብኩት በላይ ቀላል ናት። አቧራዋን ሳላራግፍ፣ እንዳለች፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ብርሃኑ ከጎን ነው የሚገባው። ካሜራዬን ላመጣ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ስመለስ ጀርባዋን ሰጥታኝ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቋጠሮዋን ፈትታዋለች። «እማ!» ስል ሳትዞር «ላልታ ነበር፣ እንዲህ ሆና ለፎቶ ትቀርባለች እንዴ?» አለችኝ። ጋቢው ሲራገፍ፣ አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲነሳ አየሁ፤ ውስጡ ያለውን በጀርባዋ ከልላዋለች፣ እኔም አልተጠጋሁም። አራቱን ጫፍ ሁለት በሁለት አደረገች። የመጨረሻዋን በጥርሷ ሳበቻት።

1/30፣ አይኤስኦ 1600፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳኋት። ስልኬ ላይ አስተላልፌ ሳሳያት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ከዓመት ዓመት የቆየችው ቋጠሮ ግን አልተነሳችም፤ ያለኝ የዚያን ቀኗ ናት። «መልሳት» አለችኝ፤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ።